ኤልፋችሁ የማን ልጅ ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ፣ እኔ ሳሎን እንሰበሰባለን። አምስት ሰው፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ፣ ዳይስና ብዙ ወረቀት። የምናብ ዓለም ጨዋታ ነው የምንጫወተው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገፀ ባሕርይ ይይዛል፣ ዓለሙን የምሠራው እኔ ነኝ። በዓለሜ ኤልፎች አሉ፦ ሰው የሚመስሉ፣ ጆሯቸው የሾለ፣ ረጅም ዕድሜ የሚኖሩ የተረት ፍጡራን። በሥራ ቀን ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከተጫዋቾቹ ሁለቱ የድሮ ተማሪዎቼ ስለሆኑ እስካሁን "ቲቸር" ነው የሚሉኝ።

አንድ ቅዳሜ አንደኛው፣ "ቲቸር፣ የኔ ኤልፍ ይሄን ብርማ ዓይን ከማን ወረሰ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ኤልፎቹን የጫካ፣ የዋሻ፣ የደጋ ብዬ ከፍዬ፣ ለእያንዳንዱ የቆዳ ቀለምና የጆሮ ቅርፅ ሰጥቻለሁ። ማን ከማን እንደተወለደ ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም። ያን ሳምንት ሁሉንም ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ። እናንተም ለልቦለድ ወይም ለጨዋታ ኤልፍ የምትፈጥሩ ከሆነ ከመልክ አትጀምሩ። ከወላጅ ጀምሩ።

መጀመሪያ ዕድሜ ወስኑ። በብዙ ሰው ዘንድ በሚታወቀው የጠረጴዛ ጨዋታ ደንብ ኤልፍ አዋቂ የሚባለው 100 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው፤ እስከ 750 ዓመትም ሊኖር ይችላል። እኔም ይህንኑ ያዝኩ። ቁጥሩ እንዲታያቸው ብዬ ለተጫዋቾቼ እንዲህ አልኳቸው፦ ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም ሲነግሥ የተወለደች ኤልፍ፣ የጎንደር ግንብ ሲሠራ በአካል አይታለች። አዲስ አበባ ስትቆረቆር 600 ዓመት አልፏታል። ዕድሜዋ የሚያልቀው ገና አሁን፣ በእኛ ዘመን ነው።

ቀጥሎ በወላጅና በልጅ መካከል ስንት ዓመት እንዳለ ወስኑ። የኔዎቹ የመጀመሪያ ልጅ የሚወልዱት በ150 ዓመታቸው ነው። እስቲ አስሉት። ሕፃኑ ሲወለድ አባቱ 150፣ አያቱ 300፣ ቅድመ አያቱ 450፣ ምንጅላቱ 600 ዓመታቸው ነው። ሁሉም በሕይወት አሉ! እኛ ምንጅላታችንን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን ስማቸውን እንኳ አናውቅም። ኤልፍ ቤት ግን ምንጅላት ከማዕዱ ራስጌ ተቀምጣ፣ "አባትህም በልጅነቱ እንዲህ ነበር የሚያስቸግረኝ" ትላለች። ስለዚህ ታሪካችሁ ውስጥ የተደበቀ አባት ወይም የጠፋ ዘር ካለ፣ እነዚያ ሁሉ ምስክሮች ለምን ዝም እንዳሉ መጻፍ አለባችሁ። ጥሩ ጥሩ ታሪክ ያገኘሁት ከዚህ ነው።

አሁን የዘር ሐረጉን ሳሉ። እኔ ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ላይ ነው የሳልኩት፤ ሰፊ ነው። በእርሳስ ይሁን። ቅርንጫፍ በተከፈለ ቁጥር አጠገቡ ምክንያቱን ጻፉ፦ ረሀብ፣ የወንድማማች ጠብ፣ የተሰበረ ድልድይ። አንድ ቅርንጫፍ ደግሞ ዘር ሳይተካ ይቅር። ተማሪዎቼን ብሔራዊ ሙዚየም ስወስዳቸው ድንቅነሽ ፊት ቆመው "አያታችን ናት?" ይሉኛል። በ1967 ዓ.ም ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ናት። እኔም የሰው ዘር እንደ ቁጥቋጦ እንጂ እንደ ሸምበቆ አንድ ወጥ ሆኖ እንዳላደገ እነግራቸዋለሁ። እዚሁ አገራችን፣ ኦሞ ሸለቆ ውስጥ፣ ፓራንትሮፐስ የሚባሉ ዘመዶቻችን ቅሪት ተገኝቷል። ከነሱ የተወለደ ዛሬ ማንም የለም። የጠፋ ቅርንጫፍ የሌለው የዘር ሐረግ እውነት አይመስልም።

ከዚያ ጠባያቱን በሦስት ዓምድ ለዩ፦ ከደም የመጣ፣ ቦታው ያመጣው፣ ከአስተዳደግ የተገኘ። ቀስት መወርወር የአስተዳደግ ነው። ለ200 ዓመት የተለማመደ ማንም ሰው ዒላማ አይስትም፤ ደም ውስጥ አትክተቱት። የጆሮው መሾል የደም ነው።

ብርማውን ዓይን እንዲህ ፈታሁት። ከእናትም ከአባትም ካልመጣ በቀር አይወጣም አልኩ። ሁለቱም ወላጆች ራሳቸው ጥቁር ዓይን ኖሯቸው የብርማውን ዓይን ዘር በውስጣቸው ደብቀው ተሸክመውት ከሆነ፣ እያንዳንዱ ልጅ ብርማ ዓይን የመያዝ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። የዘር ውርስን ያጠናው መነኩሴ ሜንደል አተር ሲያዳቅል ቆጥሮ ያገኘውና በ1866 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ ነው። ኤልፍ የሚወልደው ጥቂት ልጅ ነው። እናም ዓይኑ አራት ትውልድ፣ 600 ዓመት ተደብቆ በድንገት ብቅ ሊል ይችላል። ጠያቂው ልጅ ካላንደሩ ላይ በጣቱ ወደ ላይ እየቆጠረ ሄደና በኤልፉ እናትም በአባቱም በኩል አንዲት የዋሻ ሴት ላይ ደረሰ። ያኔ ፊቱን ብታዩት!

አንድ ነገር አደራ። መመሳሰልን ዝምድና አታድርጉት። የጫካውም የዋሻውም ኤልፍ በጨለማ ያያል ማለት ከአንድ አያት ወረሱት ማለት አይደለም። እኛን ተመልከቱ። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ ዳገቱን ሲወጣ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ከፍታን ለረጅም ዘመን የለመዱ ሕዝቦች ግን የለመዱበት መንገድ ይለያያል። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ደገኞች ደማቸው ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ይበዛል። የቲቤቶቹ እንደዚያ አይበዛም፤ ደማቸው የሚይዘው ኦክስጅንም ዝቅ ይላል። ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ከ3500 ሜትር በላይ በሚኖሩ ሰዎቻችን ላይ በተደረገ ጥናት ደግሞ ሄሞግሎቢኑም ኦክስጅኑም ባሕር ጠለል ላይ ካለ ሰው ብዙም ሳይለይ ተገኘ። ችግሩ አንድ፣ መፍትሔው ሦስት! ለደጋ ኤልፎች ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሁለት የደጋ ጎሳ ካላችሁ አንዱ ደሙ ይወፍር፣ ሌላው ትንፋሹ ይፍጠን፤ ዘራቸው የተለያየ መሆኑ ከዚያ ይታወቃል።

ግማሽ ኤልፍ ላይ ቁርጥ ያለ ውሳኔ ያስፈልጋል። ይወልዳል ወይስ አይወልድም? ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም፣ ማለትም ውርስን የሚሸከም ክር፣ አላቸው። በቅሎ 63 ይደርሳታል፤ ጎዶሎ ስለሆነ ጥንድ ጥንድ አይሆንላትም፣ አትወልድም ማለት ይቻላል። ግማሽ ኤልፋችሁ እንደ በቅሎ ከሆነ ሐረጉ እሱ ላይ ያበቃል። የሚወልድ ከሆነ ደግሞ ሰውና ኤልፍ ሩቅ አይደሉም፤ የሆነ ቦታ አንድ አያት አላቸው፣ እሷን ፈልጉ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። ግማሽ ኤልፍ ለሚጫወት ሰው ይህንን ተረት እነግረዋለሁ። የትኛውን ወላጅ እንደሚጠራና የትኛውን እንደሚውጥ ሲያውቅ ባሕርዩ ግማሽ መንገድ ይሄድለታል።

ስም የምታወጡት መጨረሻ ላይ ነው። "የዋሻ ኤልፍ" ጎረቤት ያወጣው ስም ነው። እነሱ ራሳቸውን በቤት ነው የሚጠሩት፤ የመጀመሪያዋን እናት ስም ይዘው የእገሊት ቤት ይላሉ። ሁለቱንም ጻፉና ማን በየትኛው እንደሚጠራ ለዩ።

አያቴ አጎቴ ሊያገባ ሲል ሰባት ቤት ስትቆጥር አጠገቧ ነበርኩ። በጣቷ እያጠፈች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ አንድ ስም ስትጠፋባት ከመጀመሪያው እየተመለሰች። ይህንን ሥርዓት ለኤልፎቼ ሰጠኋቸው። በእነሱ ሰባት ቤት 1050 ዓመት ነው። አሁን ሁለት ተጫዋቾቼ ገፀ ባሕርያቸውን ሊያጋቡ ይፈልጋሉ። አምስት ቤት ቆጥረዋል፣ እስካሁን ንጹሕ ነው። ስድስተኛዋን እናት በዓይኑ ያየ አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀርቷል፤ 748 ዓመቱ ነው፣ መንገዱም የሁለት ዓመት ነው። የፊታችን ቅዳሜ ይነሳሉ።