ያረጀ ላፕቶፕ ላይ የትኛው ሊኑክስ ይሻላል?

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ካቆመ ወዲህ «የትኛውን ሊኑክስ ልጫን?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ሊኑክስ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ብዙ ዓይነት አለው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ራሙ ስንት ነው? ፕሮሰሰሩስ 32 ቢት ነው ወይስ 64? ሁለቱንም ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ።

የሊኑክሱ ስም ብዙም አያስጨንቃችሁ። አሮጌ ማሽን ላይ የሚከብደው ዴስክቶፑ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ የምታዩት መስኮትና ሜኑ ነው። ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ ጊኖም ከሚባለው ከባድ ዴስክቶፑ ጋር 2 ጊጋ ራም ላይ ሲጎተት ያናድዳል። ያው ኡቡንቱ ኤልኤክስኪውቲ በሚባለው ቀላል ዴስክቶፕ ሲመጣ ሉቡንቱ ይባላል፤ እሱ ይሻላል።

4 ጊጋ ራምና 64 ቢት ካላችሁ ብዙ አታስቡ፤ ሊኑክስ ሚንት፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀላል ዴስክቶፕ ያለበትን እትም። እህቴ ላፕቶፕ ላይ የጫንኩት እሱን ነው፤ ሊኑክስ መሆኑንም የረሳችው ይመስለኛል። 2 ጊጋ ከሆነ ሉቡንቱ ወይም ኤምኤክስ ሊኑክስ፣ ከዚያ ካነሰ አንቲኤክስ። አንቲኤክስ መልኩ አያምርም፣ ግን ይሮጣል። 32 ቢት ላይ ምርጫው ይጠባል፦ አዳዲሶቹ ኡቡንቱና ሚንት አይሆኑም፣ ደቢያን የሚባለው ሊኑክስም ከ13ኛው እትም ጀምሮ የ32 ቢት መጫኛ አያወጣም። አንቲኤክስ 23 ግን አለው።

ከመጫናችሁ በፊት ሞክሩ። ቬንቶይ የሚባለውን ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጫኑ (ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል)፣ ከዚያ ያወረዳችሁትን ሁለት ሦስት የሊኑክስ መጫኛ ፋይል (አይኤስኦ) ኮፒ አድርጉበት። ላፕቶፑን ከፍላሹ ስታስነሱት የትኛውን እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል። ዲስካችሁን ሳይነካ ይሠራል። ቀርፈፍ ካለ አትፍረዱበት፣ ፍላሽ ነው። እናንተ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ የስክሪኑን ብርሃን እዩ። ክዳኑን ዘግታችሁ ትንሽ ቆዩና ክፈቱት፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ሌላውን ሞክሩ። ዋይፋዩ እምቢ ካለ የዋይፋይ ቺፑ ብሮድኮም የሚባለው ኩባንያ የሠራው ሊሆን ይችላል። ስልካችሁን በዩኤስቢ አገናኝታችሁ ኢንተርኔት አጋሩትና ከሚንት የድራይቨር ማኔጀር ድራይቨሩን (ቺፑን የሚያሠራውን ፕሮግራም) አውርዱ።

የወደዳችሁትን ስትጭኑ «ዲስኩን አጥፋ» የሚለው ምርጫ ፎቶውንም ሰነዱንም ይዞ ይሄዳል። መጀመሪያ ባክአፕ።

ከተጫነ በኋላ ራሙን የሚበላው ብሮውዘሩ ነው። 2 ጊጋ ላይ አስር ታብ ከፍታችሁ ሊኑክስን አትውቀሱ። ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ ደግሞ የድሮውን ሀርድ ዲስክ ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ ቀይሩት፤ ከየትኛውም የሊኑክስ ምርጫ በላይ ለውጡ የሚታያችሁ እዚያ ነው።