በየ20 ደቂቃው ይጠፋ የነበረው ፕሮጀክተር እንዴት ተስተካከለ

ቡራዩ ዳር፣ አስፋልት ባልገባበት ሰፈራችን፣ በዕድሩ አዳራሽ ለተማሪዎች ማጠናከሪያ የምንጠቀምበት ፕሮጀክተር በ20 ደቂቃው ቀይ የሙቀት መብራት እያሳየ ይጠፋ ነበር። አምፖሉ አርጅቷል ብለን አዲስ ልንገዛ ምንም አልቀረንም፤ ነገር ግን መሣሪያው ብርሃኑን በመስተዋቶች ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አድርጎ ከከፈለ በኋላ ምስሉን በሚፈጥሩ ሦስት ትንንሽ የኤልሲዲ ሰሌዳዎች አሳልፎ በፕሪዝም መልሶ የሚያጣምር በመሆኑና ሰሌዳዎቹን ከሙቀት የሚያድናቸው የማራገቢያው አየር ስለሆነ፣ በቅድሚያ የአየር ማጣሪያውን መረመርሁ።

ከሶኬት ነቅዬ እስኪቀዘቅዝ ከጠበቅሁ በኋላ የጎኑን ክዳን ስከፍት፣ ማጣሪያው ቀዳዳው እስከማይታይ ድረስ የመንገዱን አቧራ ለብሶ አገኘሁት፤ ውኃ ሳላስነካ በለስላሳ ብሩሽ ጠረግሁት። ከዚያ በኋላ 40 ደቂቃ ሠርቶ እንደገና ጠፋ።

ቀሪው ችግር የከፍታ ነበር። ብዙ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ ማራገቢያውን የሚያፈጥነው የከፍታ ቦታ ማስተካከያ እንዲበራ ያዛሉ፤ እኛ የምንገኘው ከ2,300 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ስስ አየር የሚሸከመው ሙቀት አነስተኛ ነው። ከሜኑው ውስጥ ይህንን ሳበራ ድምፁ ጎላ፤ የሁለት ሰዓቱ ትምህርት ግን ሳይቋረጥ አለቀ። በምስሉ ጥግ የቀረውን ቢጫ ጥላ ማጽዳቱ አልመለሰውም፤ በሙቀት የተጎዳ ፖላራይዘር (ከኤልሲዲ ሰሌዳው ጋር ያለ፣ ብርሃን የሚያጣራ ስስ ሽፋን) ይመስለኛል።