ዕድል ሲመጣ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ እንዳይሆን

ሰው ሳያውቅ መንገድ ላይ የሚነሳ ፎቶ ግማሹ ዕድል ነው። የለም፣ ሁሉም ችሎታ ነው የሚል ፎቶ አንሺ ካለ አትመኑት። ግን ዕድሉ አይጠብቅም። የሌንሱን ክዳን እስክታነሱ ሰውዬው ታክሲ ውስጥ ገብቷል።

ስለዚህ ሴቲንጉን ቤት ጨርሳችሁ ውጡ። ካሜራችሁ ፉል ፍሬም (ብርሃን ተቀባዩ ሴንሰር የ35 ሚሊሜትር ፊልም ያህል የሆነ)፣ ሌንሳችሁ 35 ሚሊሜትር ከሆነ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) ኤፍ 8 አድርጉት፤ ፎከሱን በእጅ 3 ሜትር ላይ አቁሙትና እርሱት። ከ2 እስከ 7 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ የመንገድ ፎቶ ደግሞ አብዛኛው እዚያው ርቀት ላይ ነው። ሹተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/500 ሰከንድ፣ የሚሮጥና የሚዘል ካለ 1/1000። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ለራሱ ለካሜራው ተዉለት። በስልክ ለምታነሱ፦ ብዙ አንድሮይዶች ላይ የማብሪያውን ቁልፍ ሁለቴ ቶሎ ስትጫኑ ካሜራው ይከፈታል፤ እጃችሁ እስኪለምደው ሞክሩት።

ዋናው ግን ቦታ ነው። ጀማሪ ሰው ያሳድዳል፤ እናንተ ቁሙና ሰው ይምጣላችሁ። መርካቶ ሂዱ እንበል፣ ጠዋት እስከ 3 ሰዓት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል። ቀትር ላይ አናት ላይ ስለምትሆን የሰው ዓይን በጥላ ይዋጣል። ጥላና ብርሃን የሚገናኙበት አንድ ግድግዳ ፈልጉ፣ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) ትንሽ ዝቅ አድርጉት፣ ጥላው ይጥቆር። ከዚያ ፍራሽ ደራርቦ የተሸከመ ሰው ከጥላው እስኪወጣ መጠበቅ ነው፤ መርካቶ ደግሞ ሸክም ጠፍቶ አያውቅም። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚሻለው መቆሚያ የጀበና ቡና በርጩማ ነው። ሲኒ የያዘን ሰው ማን ልብ ይለዋል?

ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ አንሪ ካርቲየ ብሬሶን እ.ኤ.አ. በ1932 ፓሪስ፣ ከሴን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያነሳውን፣ ውሃ ላይ የሚዘለውን ሰውዬ ታውቁት ይሆናል። ያነሳው በአጥር ክፍተት አሾልኮ ነው። ሌንሱ በደንብ ስላልገባለት አጥሩም አብሮ ወጣ፣ እሱም ቆርጦ ጣለው፤ ፎቶ መቁረጥ የማይወድ ሰው ነበር። ሰውዬውን ያመጣው ዕድል ነው፣ ክፍተቱ ላይ የቆመው ግን ራሱ ነው። (የውሃ ኩሬውስ ቢሆን አዲስ አበባ ክረምት ላይ መቼ ቸግሮን ያውቃል።)

አንዴ ካነሳችሁ በኋላ ስክሪኑን አትዩ። ሸክሙ የሚንሸራተተው፣ ጓደኛው የሚስቀው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው፣ እናንተ አቀርቅራችሁ ሳለ።

ስታነሱ የሚያያችሁ ሰው ካለ አትደበቁ። ፈገግ ብላችሁ ሰላም በሉ፣ ፎቶውን አሳዩ፤ አጥፉ ካሉ እዚያው ፊታቸው አጥፉ። መንገድ ላይ የተኛን ሰው እኔ አላነሳም፣ እሺም እምቢም ማለት ስለማይችል። ወታደር፣ የቤተ መንግሥት አጥር፣ ፍተሻ ያለበት በር ሲያጋጥም ደግሞ ካሜራውን አንገታችሁ ላይ ተዉትና እለፉ፤ እዚያ ማንም «ለጥበብ ነው» የሚል ማብራሪያ አይሰማችሁም።