ሰው ስለተዋወቀ ብቻ አይተባበርም፦ ስለ ትብብር ስናስብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ማኅበር ሲቋቋም፣ የቴሌግራም ግሩፕ ሲከፈት ሁሌም አንድ ተስፋ አለ፦ ሰዎቹ ይገናኙ እንጂ መተባበሩ በራሱ ይመጣል። ጉዳዩን በሒሳብና በሙከራ የፈተሹት ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ አይተዋል።

ትውውቅ በበዛ ቁጥር ትብብር ይበዛል ማለት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎቹ ኦትሱኪ፣ ኖዋክና ባልደረቦቻቸው «ኔቸር» መጽሔት ላይ አንድ ቀላል ስሌት አወጡ። ትብብር እንዲስፋፋ፣ ለጎረቤት (ማለትም በቀጥታ ለተገናኘነው ሰው) የሚደርሰው ጥቅም ለሰጪው ወጪ ሲካፈል፣ ውጤቱ ከጎረቤቶቹ ቁጥር መብለጥ አለበት። 10 ብር አውጥቼ ጎረቤቴን 50 ብር ከጠቀምኩት ውጤቱ 5 ነው። ሁሉም ሰው 4 ጎረቤት ብቻ ካለው ትብብር ይስፋፋል፤ 8 ካለው ግን ብልጣብልጡ ይረታል። ጎረቤት ጥቂት ሲሆን ተባባሪዎች ተሰባስበው እርስ በርስ ይጠቃቀማሉ። ሲበዛ ግን ሳይሰጥ የሚቀበለው በየመሀሉ ሰርጎ ይገባል።

ስሌቱን እንዳለ ሰው ላይ መጫን

ስሌቱ የሚነሳው ሰው የተሳካለትን ጎረቤቱን ይኮርጃል ከሚል ግምት ነው። በ2012 ውጤቱ በታተመ ሙከራ የስፔን ተመራማሪዎች 1,229 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በኮምፒውተር አገናኝተው፣ በየዙሩ መተባበር ወይም አለመተባበር የሚመረጥበት ጨዋታ አጫወቱ። ግማሾቹ እኩል ጎረቤት ነበራቸው፤ የሌሎቹ ከሰው ሰው ይለያይ ነበር። የትብብሩ መጠን ግን ያው ሆነ። ተማሪዎቹ ማን ብዙ እንዳተረፈ ከቁብ አልቆጠሩትም፤ የሚያዩት ባለፈው ዙር ስንቱ ጎረቤታቸው እንደተባበረ ነበር።

ግንኙነት አይቋረጥም ብሎ መነሳት

ተመራማሪዎቹ ራንድ፣ አርብስማንና ክሪስታኪስ በ2011 በተመሳሳይ ጨዋታ እንዳሳዩት፣ ተጫዋቾች አጋራቸውን ቶሎ ቶሎ መቀየር ሲችሉ ትብብሩ ጸና፤ ሲከለከሉ እየመነመነ ሄደ። ዕቁብተኛ ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገውም። ዕጣ ቀድሞ የደረሰው ዋስ ይጠራል፤ በልቶ የጠፋን ሰው ደግሞ ሌላ ዕቁብ በቀላሉ አያስገባውም።

ቁጥጥርን እንደ ጥርጣሬ ማየት

ባሌ ውስጥ 49 የደን ተጠቃሚ ቡድኖች ተጠንተው ውጤቱ በ2010 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ወጥቷል። «ሌላው ከተባበረ እኔም እተባበራለሁ» የሚሉ አባላት የበዙባቸው ቡድኖች ደናቸውን በተሻለ ሁኔታ ይዘው ተገኙ። የገዛ ጊዜያቸውን ሰውተው ደኑን እየዞሩ በመጠበቅም ከሌሎቹ የበለጡት እነዚሁ ነበሩ።