ባዮኬሚስትሪ ተመርቃችሁ ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ ከገብሱ ጀምሩ

«ባዮኬሚስት እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቁ። እዚህ ከተማ ብርቅ ነው። እኔ የገብስና የብቅል ናሙና በሚመረመርበት ላብራቶሪ ነው የምሠራው። የተቀጠርኩበት ማስታወቂያ «ኬሚስትሪ፣ የምግብ ሳይንስ ወይም ተዛማጅ» ነበር የሚለው። ተዛማጅ ከተባለ እናንተም አላችሁበት፤ ግን ማስረዳቱ የእናንተ ድርሻ ነው።

ስለዚህ ሲቪ ላይ የኮርስ ስም አትደርድሩ፤ በእጃችሁ የሠራችሁትን ጻፉ። «ኢንዛይሞሎጂ ተምሬያለሁ» ለቀጣሪ ብዙም አይነግረውም። «የአሚሌዝን (ስታርች የሚሰብረውን ኢንዛይም) ሥራ በስፔክትሮፎቶሜትር ለክቻለሁ» ግን ይነግረዋል። ታይትሬሽን፣ ፒኤች ሜትር ካሊብሬት ማድረግ፣ ሶሉሽን ማቅጠን የዕለት ሥራችን ናቸው። የማቅጠን ስሌት ያለ ካልኩሌተር ተለማመዱ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ይመጣል።

ደብረ ብርሃን ላይ ዳሽንና ሐበሻ ቢራ ፋብሪካ አላቸው፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩም አለ። «ቢራ ፋብሪካ ለመግባት ነው እንዴ የተማርኩት?» የሚል ተመራቂ ያሳዝነኛል። ዛሬም ፕሮቲን የምንለካበትን ዘዴ ዮሃን ኬልዳል በ1883 ያወጣው ኮፐንሃገን ውስጥ በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላብራቶሪ ነው። የአሲድነት መጠን የምንገልጽበት የፒኤች ስኬልም በ1909 ከዚያው ቤት ወጣ። ሙያችን ካደገባቸው ቤቶች አንዱ ቢራ ፋብሪካ ነው።

ሥራ እስክታገኙ ይህን ሥሩ። ከተለያዩ ሻጮች ጥቂት ጥቂት ገብስ ግዙ። ፔትሪ ዲሽ ላይ ሁለት ማጣሪያ ወረቀት አንጥፉ፣ 4 ሚሊ ሊትር ውኃ ጨምሩ፣ 100 ፍሬ ሳትመርጡ ደርድሩና ክደኑት። ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። የኅዳር ብርዳችንን ታውቁታላችሁ፤ ዝም ብላችሁ ቤት ውስጥ ብትተዉት ይዘገያል፣ ቴርሞሜትር አስቀምጡና መዝግቡ። በ24፣ በ48 እና በ72 ሰዓት የበቀለውን እየቆጠራችሁ አንሱ። ለብቅል የሚፈለገው ገብስ ቢያንስ 95 በመቶ የሚበቅል ነው።

ያልበቀለውስ? ሞቶ ነው ወይስ አዲስ ታጭዶ እንቅልፍ ላይ ነው? እዚህ ጋ ነው እናንተ የምትለዩት። ቴትራዞሊየም የተባለው ኬሚካል በፍሬው ውስጥ በሕይወት ያለውን ጽንስ ቀይ ያደርገዋል፤ ቀለሙን የሚያወጣው ዲሃይድሮጂኔዝ ኢንዛይም ነው። ይህን ለጠያቂው ካስረዳችሁና የመዘገባችሁትን ደብተር ካሳያችሁ፣ የምግብ ሳይንስ ተመራቂ ጎን ተቀምጣችሁ አታንሱም።

ከፋብሪካ ውጭም መንገድ አለ። ዘረመል የምትወዱ፣ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል የመንዝ በግን ዝርያ በማሻሻል ላይ ይሠራል፤ የቅጥር ማስታወቂያውን ተከታተሉ። ፒሲአር (ዲኤንኤ የሚባዛበት ዘዴ) በእጃችሁ ሠርታችሁ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትና የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ሆለታ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ፣ ቢሾፍቱ የእንስሳት ክትባት ማምረቻው አሉ።

የሆስፒታል ላብራቶሪ ላይ ግን ጊዜ አታባክኑ፤ የሕክምና ላብራቶሪ ዲግሪና የሙያ ፈቃድ ይጠይቃል። ማስተርስም ሥራ ስላጣችሁ ብቻ አትጀምሩ። መጀመሪያ በየትኛው መሣሪያ ላይ እንደምትሠሩ አማካሪውን ጠይቁ፤ መሣሪያው ከተበላሸ ወይም ሬኤጀንት ከሌለ ሌላ ርዕስ ምረጡ።

ማመልከቻ ስታስገቡም በር ላይ ለጥበቃ ሰጥታችሁ አትመለሱ። የኳሊቲ ክፍል ኃላፊውን ስም ጠይቁ፣ ለእሱ ጻፉ፣ የገብሱን ውጤት በአንድ ገጽ አያይዙ።