ኪርፓንና የትምህርት ቤት ደንብ፦ ስለ ሃይማኖት ነፃነት ስንነጋገር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደሴ ከተማ የሥነ ዜጋ ትምህርት ባስተማርኩባቸው ዓመታት በክፍል ውስጥ ስለ ሃይማኖት ነፃነት ስንወያይ ጥያቄው ሁልጊዜ ከማተብ፣ ከሂጃብና ከሶላት ሰዓት አይርቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ቶሮንቶ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ደውላ፣ «ጋሼ፣ ከልጄ ጋር የሚማር ጥምጥም የሚያደርግ ልጅ አለ፤ ከልብሱ ሥር ጩቤ ይይዛል እየተባለ ነው፤ ልጄን ከዚያ ትምህርት ቤት ላስወጣው ወይ?» አለችኝ። «አብሽሪ፣ መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ከእርሷ፣ ከሥራ ባልደረቦቼና ልጆቻቸው ውጭ አገር ከሚኖሩ የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች ጋር በዚህ ጉዳይ ብዙ ተነጋግሬአለሁ። በንግግራችን ውስጥ ደጋግሜ የሰማኋቸውን ስህተቶች፣ አንዳንዶቹ የራሴም ነበሩና፣ አንድ በአንድ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ነገሩን «ጩቤ ነው» ወይም «ጌጥ ነው» ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት ነው። ልጁ በሕንድ የተነሣው የሲክ እምነት ተከታይ ነው። በዚህ እምነት አሥረኛው ጉሩ (የእምነቱ መሪና መምህር)፣ ጎቢንድ ሲንግ፣ እ.ኤ.አ. በ1699 ካልሳ የተባለውን የአማኞች ማኅበር ሲመሠርት፣ ወደዚያ ማኅበር በሥርዓት የገባ ሰው ከአካሉ የማይለያቸው አምስት ምልክቶች ተደነገጉ፦ ያልተቆረጠ ፀጉር፣ ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ ልዩ የውስጥ ሱሪና ኪርፓን። ኪርፓን ከብረት የተሠራ፣ በሰገባ የሚቀመጥና በትከሻ በሚወርድ ማንገቻ የሚታሰር አነስተኛ ስለት ነው። ሲኮች ስሙን ምሕረትና ክብር ከሚሉ ቃላት የመጣ ነው ብለው ያብራራሉ፤ ደካማውን የመጠበቅ ግዴታን ያስታውሳል ይላሉ። እንግዲህ ኪርፓን ስለት አለው፤ ይህን መካድ አይገባም። ለያዘው ሰው ግን መሣሪያ አይደለም፤ ይህንንም መካድ አይገባም። አንዱን እውነት ይዞ ሌላውን የጣለ ሰው ውይይቱን ሳይጀምረው ጨርሶታል።

ለእኛ ለወሎ ሰዎች ይህን መረዳት ሊከብደን አይገባም። ሰኞ ዕለት ባቲ ገበያ የወረደ ሰው፣ ግመሉን እየነዳ የሚመጣውን የአፋር አርብቶ አደር በወገቡ ላይ በቆዳ ሰገባ የታጠቀውን ጊሌ ሳያይ አይመለስም። እኔም በልጅነቴ አባቴን ተከትዬ ስሄድ ያን ቆልመም ያለ ሰገባ እያየሁ በፍርሃት የአባቴን ጋቢ እይዝ ነበር፤ አባቴ ግን ከዚያው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ስለ ጨው ዋጋ ይነጋገር ነበር። እርግጥ ጊሌና ኪርፓን አንድ አይደሉም። ጊሌ የባህልና የመከላከያ ትጥቅ ሲሆን ኪርፓን የእምነት ግዴታ ነው። ሆኖም አንድን ስለት ከባለቤቱ ኑሮና ሥርዓት ነጥሎ መመልከት ወደ ስህተት እንደሚወስድ ገበያው ራሱ አስተምሮኛል።

ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሌላ ስህተት አለ፤ «ሌሎች ሲኮች ሳይዙ እርሱ ለምን ይይዛል?» የሚለው። ከእኛም መካከል ማተቡን ለአፍታ የማያወልቅ አለ፤ ጭራሽ የማያስርም አለ። የአንዱ አለማሰር የሌላውን እምነት ሐሰት አያደርገውም። ቀጥዬ በማነሣው በአንድ ሌላ የሲክ ተማሪ ጉዳይ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም የመረመረው ተማሪው የብረት ኪርፓን መያዝ እንዳለበት ከልቡ የሚያምን መሆን አለመሆኑን እንጂ ሌላው አማኝ ምን እንደሚያደርግ አልነበረም።

የፍርድ ቤቱ ነገር ከተነሳ፣ ከሁሉ የበዛው ስህተት ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «በሃይማኖት ስም ማንኛውንም ነገር ወደ ትምህርት ቤት ማስገባት ይቻላል» ብሎ የፈረደ ይመስለዋል። የሆነው ሌላ ነው። በኅዳር ወር፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ሞንትሪያል ውስጥ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ኪርፓኑ በትምህርት ቤቱ ግቢ ሳያስበው ወደቀበት። የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚመራው አስተዳደር መጀመሪያ ኪርፓኑ በልብስ ውስጥ ታሽጎና ተሰፍቶ እንዲያዝ ሐሳብ አቀረበ፤ ልጁና ወላጆቹም ተስማሙ። የትምህርት ቤቱ ቦርድ ግን «ደንባችን መሣሪያ ይከለክላል» ብሎ ስምምነቱን አልተቀበለም፤ የአካባቢው አስተዳደር የኮሚሽነሮች ምክር ቤትም ይህንኑ አጽንቶ በምትኩ የአንገት ጌጥ የሆነ ወይም ከማይጎዳ ነገር የተሠራ ምሳሌ ብቻ እንዲይዝ አለ። ጉዳዩ በየደረጃው ሄዶ፣ አንዱ ፍርድ ቤት ለልጁ ፈርዶ፣ ይግባኝ ሰሚው ሽሮት፣ በመጨረሻ መጋቢት 2 ቀን 2006 (እ.ኤ.አ.) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍጹም ክልከላው የሃይማኖት ነፃነትን ያለ በቂ ምክንያት ይጥሳል ሲል ወሰነ።

ልጁን የደገፈው የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ያስቀመጣቸው ሁኔታዎች በዝርዝር ሊታወቁ ይገባል፤ ነገሩ ያለው በዝርዝሩ ውስጥ ነውና። ኪርፓኑ ከልብስ ሥር ይሆናል። ሰገባው ከብረት ሳይሆን ከእንጨት ይሠራል። ሰገባው ከነኪርፓኑ በጠንካራ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይሰፋል፤ ያ ጨርቅ ደግሞ ከማንገቻው ጋር ይሰፋል። የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች እነዚህ ሁኔታዎች መጠበቃቸውን በአግባቡ ማረጋገጥ ይችላሉ። ተማሪው ኪርፓኑን ለማንም አይሰጥም፤ ከጠፋበት ወዲያውኑ ያሳውቃል። ከእነዚህ አንዱን ከጣሰ መብቱን ያጣል። ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ደኅንነት ተዘንግቷል ሊል አይችልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ተሰፍቶ የታሸገ ኪርፓን በትምህርት ቤት ካሉ መቀሶች፣ እርሳሶችና የቤዝቦል ዱላዎች ይልቅ ለጥቃት የማይመች መሆኑን አስተውሏል፤ ሲኮች በካናዳ ትምህርት ቤቶች መማር ከጀመሩ በኋላ ባለፉት መቶ ዓመታት ከኪርፓን ጋር የተያያዘ አንድም የጥቃት ድርጊት በትምህርት ቤት እንዳልተመዘገበም ጠቅሷል። ለእህቴ ልጅ ይህን ሳነብላት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «እንግዲያው የፈራሁት የሰማሁትን ወሬ ነው» አለች።

«ደንብ ለሁሉም እኩል ነው፤ ስለዚህ ልዩነት አይደረግም» የሚለው አስተያየት ቅንነት ስላለው ከሁሉም ይልቅ ያሳስበኛል። እኩልነትን ከአንድ ዓይነትነት ጋር ያምታታል። በወሎ ድግስ ላይ የኖረ ሰው ይህን በቤቱ ያውቀዋል። በእናቴ ወገን ሠርግ ሲኖር በጓሮ ሁለት ምድጃ ይነድዳል፤ በአንዱ ጥግ የክርስቲያኑ ሥጋ፣ በሌላው የሙስሊሙ። ድስቱ ለየብቻ፣ ጭልፋው ለየብቻ፣ ቢላዋው ሳይቀር የየራሱ ነው፤ በስህተት እንዳይቀላቀልም አንዲት ትልቅ ሴት መካከል ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። አጎቴ ሙስሊም፣ ወንድሙ ክርስቲያን ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ዳስ ሥር ተቀምጠው ይበላሉ። «ሁሉም ከአንድ ድስት ይብላ፣ እኩልነት ይህ ነው» የሚል ሰው ቢመጣ ግማሹን ዘመድ ጾሙን ያሳድረዋል። «ጌጥ ክልክል ነው» የሚል የትምህርት ቤት ደንብም እንዲሁ ለሁሉም የተጻፈ ይምሰል እንጂ፣ ሸክሙ የሚያርፈው ማተብ በሚያስረው ልጅ ላይ ብቻ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ቆሞ የሚሳሳትም አለ፤ «በትምህርት ቤት ከተፈቀደ በየትም ቦታ መፈቀድ አለበት» የሚል። በአንድ የአውሮፕላን ጉዳይ ላይ የካናዳ የሰብአዊ መብት ጉዳዮች ችሎት እ.ኤ.አ. በ1999 ኪርፓንን መከልከል ተገቢ ነው ብሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በአውሮፕላን ውስጥ የማይተዋወቁ መንገደኞች ለጥቂት ሰዓታት በጠባብ ቦታ ይሰበሰባሉ፣ እርዳታም ሩቅ ነው፤ ትምህርት ቤት ግን መምህርና ተማሪ ለዓመታት የሚተዋወቁበት ነው። ቦታው ሲለወጥ ሚዛኑም ይለወጣል።

«ስደተኛ ስለሆኑ የአገሩን ሥርዓት ይከተሉ» የሚለውን ከወሎ ሰው አፍ መስማት ያሳዝነኛል፤ ዘመዱ በሳዑዲም በካናዳም በሰው አገር የሚኖር ሰው ነውና። ደግሞም ታሪኩ እንዲያ አይደለም። ሲኮች በምዕራብ ካናዳ ባለችው በብሪቲሽ ኮሎምቢያ መኖር የጀመሩት ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ አንሥቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ኮማጋታ ማሩ የተባለች መርከብ 376 መንገደኞችን፣ አብዛኞቹን ሲኮች፣ ይዛ ቫንኩቨር ብትደርስም ለሁለት ወር ያህል በወደቡ ታግታ ጥቂቶች ብቻ እንዲወርዱ ተፈቅዶ ተመለሰች፤ የካናዳ መንግሥት በፓርላማ ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የካናዳ የመብቶች ቻርተር እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጸድቅም አንቀጽ 27 የሕዝቡን የብዙ ባህሎች ቅርስ የመጠበቅና የማጎልበት ዓላማን መተርጎሚያ አድርጎ አስቀምጧል።

የካናዳን ፍርድ እንዳለ ወደ እኛ ማምጣትም ስህተት ነው፤ የእኛ ሕግ የራሱ ቃል አለው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን ሲያረጋግጥ፣ እምነትን መግለጽ ሊገደብ የሚችለው በሕግ ሲደነገግና ለሕዝብ ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ ሥነ ምግባር፣ ለሌሎች መብት ወይም መንግሥት ከሃይማኖት ነፃ መሆኑን ለማረጋገጥ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ነው ይላል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዛል። ይህ ሁለተኛው የሚመለከተው ትምህርቱን ነው፤ የተማሪውን አንገትና ራስ አይመለከትም። ብዙ ባልደረቦቼ ሁለቱን ያምታታሉ።

የመጨረሻው ስህተት በወላጆች ላይ የማየው ዝምታ ነው። ጥያቄ ያለው ወላጅ ልጁን ከክፍል ሲያስወጣ ወይም በልጁ በኩል ሲያጣራ፣ ሸክሙን ሕፃኑ ይሸከመዋል። ለእህቴ ልጅ የመከርኳት ትምህርት ቤቱን በጽሑፍ ሦስት ነገር እንድትጠይቅ ነበር፤ ኪርፓኑ እንዴት እንደሚታሸግ፣ ማን እንደሚያረጋግጥ፣ ቢጠፋ ምን እንደሚደረግ። የልጁን ስምና ቤተሰብ እንዳታነሳ አስጠነቀቅኋት፤ ጥያቄዋ ስለ አሠራሩ እንጂ ስለ ልጁ አይደለምና። ቶሮንቶ በምትገኝበት በኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. በ1990 በአንድ የትምህርት ቦርድ ላይ ከተሰጠ ውሳኔ ወዲህ በመጠኑ የተወሰነና የታሰረ ኪርፓን የታወቀ ነገር ስለሆነ፣ ትምህርት ቤቱ መልስ ለመስጠት አልተቸገረም። ልጇ አሁንም በዚያው ክፍል ይማራል፤ እናትየዋም በወላጆች ስብሰባ ላይ ከዚያ ልጅ እናት አጠገብ ተቀምጣ እንደነበር በስልክ ነገረችኝ።