ከምድጃው እንጀምር፦ ጭስ እንቀንስ ስንል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባሕር ዳር በምኖርበት ግቢ አራት ቤተሰብ አለን። አንዳችንም መኪና የለንም። ስለ ካርቦን ልቀት ወሬ ሲነሳ «ይሄ የባለመኪኖች ጉዳይ ነው» ብለን እናልፈው ነበር። አንድ ሰሞን ግን በግቢያችን በር የሚገባውን ነገር ልብ ብዬ ማየት ጀመርኩ። በሳምንት ውስጥ ሁለት ጆንያ ከሰልና አንድ ሸክም ፍልጥ ገባ። ያኔ ነው የራሴን ቤት ጭስ መቁጠር የጀመርኩት።

እርግጥ ነው፣ የእኛ ድርሻ ትንሽ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅና ከመሳሰለው በዓመት የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአማካይ ከ0.2 ቶን በታች ነው። የዓለም አማካይ ከ4 ቶን ተኩል ይበልጣል። ይህ ቁጥር ግን ማገዶን አይጨምርም። ተቆርጦ ያልተተካ ዛፍ፣ ከምድጃው የሚወጣው ጥላሸት፣ ከከሰል ጉድጓድ የሚተነው ጋዝ እዚያ ውስጥ የሉም። የእኛ ቤት ታሪክ ደግሞ ያለው እነዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ከውጭ አገር የተቀዳውን ምክር ትተን ከራሳችን ጓዳ እንነሳ።

ምርጥ ምድጃ ገዝቶ እንደ ሦስት ጉልቻ መጠቀም

ዳንግላ አካባቢ ለምትኖር አክስቴ ምርጥ ምድጃ ገዝቼላት ነበር። ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ የሚሠራው፣ ተገጣጥሞ ምጣድ የሚቀመጥበት ክቡ ምድጃ ነው። በደንብ ከተያዘ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጨቱን ፍጆታ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። በዓመቱ ስሄድ «ልጄ፣ ይሄም እንደዚያኛው ነው፤ እንጨት ይፈጃል» አለችኝ። አዘንኩ። ቅዳሜ ጠዋት ስትጋግር አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየሁ።

ችግሩ ምድጃው አልነበረም። በምጣዱና በምድጃው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር። ነበልባሉ በዚያ በኩል ወጥቶ ግድግዳውን ይልሳል። የእንጨት ማስገቢያው አፍ ጠቦ ስላስቸገራት ጠርዙን በመዶሻ ሰብራ አስፍታዋለች። ያልተፈለጠ ግንድ ሙሉውን ገፍታ ታስገባበታለች። ግንዱ ደግሞ እርጥብ ነው። ጫፉ ላይ ውኃው እየፈላ አረፋ ሲደፍቅ ይታያል። እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውኃ ማትነን አለበት። ምጣዱ የሚደርሰው ትርፉ ነው።

ጭቃ በጭድ አቡክተን ክፍተቱን ዙሪያውን መረግነው። የተሰበረውንም በዚያው ሞላነው። እንጨቱን በክንድ ልክ ቆርጠን በቀጭኑ ፈለጥነው። በቀጣዩ ጋገራ ያስቀመጥነው ፍልጥ ሳያልቅ ሊጡ አለቀ። አክስቴ የተረፈውን እንጨት አንስታ ለጎረቤቷ ስታሳይ ያየሁት ደስታ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

እንግዲህ ምድጃ ስትገዙ መጀመሪያ የምጣዳችሁን ስፋት ለኩ። ክፍተቱን መርጉ። አመዱን በየጊዜው ዛቁ። ለክረምት የሚሆነውን እንጨት በበጋ ፈልጣችሁ ጣራ ሥር ደርድሩ። በየቀኑ አምስት አምስት እንጀራ ከመጋገር በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ሰብሰብ አድርጎ መጋገርም ብዙ ያድናል። ቀዝቃዛ ምጣድ እስኪሰማ ድረስ የሚበላው እንጨት ቀላል አይደለም። ያንን በየቀኑ መክፈል የለብንም።

«ከሰል አይጨስም፣ ስለዚህ ንጹህ ነው» ማለት

ይህ ስህተት የከተማ ሰው ስህተት ነው፤ የእኔም ነበር። ከሰል ቤታችን ሲደርስ ጭሱ አልቋል። ያለቀው ግን ጫካው ውስጥ ነው። በባህላዊው መንገድ፣ አፈር ተደፍቶበት ሲከስል፣ 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 8 ኪሎ እንጨት ይጠፋል። እንጨቱ አየር አጥቶ ስለሚነድም ሚቴን የተባለው ጋዝ ይወጣል። ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የበለጠ ሙቀት የሚያፍን ጋዝ ነው።

ከሰል ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ይህን የጎጃም ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። አዊ ውስጥ፣ በተለይ ፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ቶሎ የሚያድግ የግራር ዓይነት ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራበታል። ከዚያ ሣሩን ያጭዳል። ከ4 ወይም ከ5 ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጦ ያከስላል፣ መሬቱንም መልሶ ይተክላል። የተራቆተ መሬት በዚህ መንገድ አረንጓዴ ሆኗል። የሚቀጥለው ዛፍ የተቃጠለውን ካርቦን መልሶ ስለሚስብ ሒሳቡ ይቀራረባል። ሆኖም በቅርብ ዓመታት ዛፉን በሽታ መትቶታል፣ ብዙ ገበሬም ተጎድቷል። ከተፈጥሮ ጫካ ተቆርጦ የመጣ ከሰል ግን የሚተካው የለውም። ነጋዴውን «ይሄ ከየት ነው? የተተከለ ነው ወይስ የጫካ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደንበኛ ሲጠይቅ ነጋዴም ይጠይቃል።

ሁለተኛው ነገር አያያዙ ነው። ቡና ከተጠጣ በኋላ ምድጃው ላይ የሚቀረውን ፍም አስቡት። ሦስተኛው ሲኒ ወርዶ፣ እንግዳው ተሸኝቶ፣ ፍሙ እስኪያልቅ ዝም ብሎ ይነዳል። እናቶቻችን እሳት ዳፍነው ያሳድሩ ነበር። እኛም ፍሙን ክዳን ባለው ብረት ድስት ውስጥ ከተን ውጭ ብናፍነው ለነገ ቡና ይሆናል። እኛ ግቢ አሁን የጀበናውን ውኃ በኤሌክትሪክ አፍልተን ነው ከሰል ላይ የምንጥደው። ቡናው ያው ቡና ነው፤ የሚነደው ከሰል ግን እፍኝ ብቻ ሆኗል። ከሰሉን ከቆርቆሮ ምድጃ ወደ ሸክላው «ላቀች» ማዛወርም ይረዳል፣ ሙቀቱን ይይዛል።

በዚሁ አንድ ነገር ልበል። እንደ ደብረ ማርቆስ ባለው ብርድ ፍም መኝታ ቤት አስገብቶ የሚተኛ አለ። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ይገድላል። ፍም ያለበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አትተኙ።

«ኤሌክትሪክ ነውና እንደፈለግን እናብራ»

የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውኃ ነው። ጣና በለስ ከግንቦት 2002 ዓ.ም. ጀምሮ በእኛው ጣና ውኃ 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችል ጣቢያ ሆኗል። ታላቁ የህዳሴ ግድብ ደግሞ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ስለዚህ ከማገዶ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ መዞር፣ አቅምና መስመር ላለው ቤት፣ ከሁሉ የበለጠ እርምጃ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ምጣዱ ብዙ ይስባል። 3 ኪሎ ዋት ተኩል የሚስብ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ሲበራ፣ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 16 ቀንና 16 ሌሊት ሙሉ ቢበራ የሚወስደውን ያህል ይወስዳል። አሁን ማታ 1 ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ አስቡት። ኃይሉ ይወርዳል። ምጣዱ አይሰማም። እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። አንዳንዴ መብራቱ ጭራሽ ይጠፋል። ግማሽ ሊጥ ይዛ የቀረች ሴት ወደ ከሰሏ ትመለሳለች፣ ማዶ ያለው ሱቅ ጄኔሬተር ያስነሳል። የውኃውን መብራት በናፍታ ለወጥነው ማለት ነው።

የምትችሉ ረፋድ ላይ ጋግሩ። ምጣዱን ከመሰካታችሁ በፊት ሊጡ በአብሲት ተነስቶ፣ ቀጥኖ፣ ማሰሻውና ጎመን ዘሩ አጠገባችሁ ይሁን። ሊጥ ሲቀጠን ምጣድ በባዶው መቃጠል የለበትም። አክንባሎው ገጥሞ የሚከደን ይሁን። የመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት እንጀራዎች ላይ ስትደርሱ ንቀሉት። ሸክላው በያዘው ሙቀት ይጨርሳቸዋል።

ለአሥር ደቂቃ መንገድ ባጃጅ

አንድ ሊትር ቤንዚን አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሲቃጠል ግን 2.3 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ሰው ሲሰማ ይገርመዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በነዳጁ ውስጥ ያለው ካርቦን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለሚጣመር ክብደቱ ይጨምራል።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ብስክሌት የዚህች ከተማ ኩራት ነበር፣ አሁንም አልጠፋም። አስተማሪው፣ ተማሪው፣ አናጢው መጋዙን ከኋላ አስሮ በብስክሌት ይሄዳል። እኛ ግን ትንሽ ገንዘብ እጃችን ሲገባ መጀመሪያ የምናደርገው ብስክሌቱን ሸጦ ባጃጅ በኮንትራት መያዝ ነው። ዕቃ ሲኖር፣ ሕፃን ሲታዘል፣ ሰው ሲታመም ባጃጅ ይያዝ። ከቀበሌ ወደ ገበያ ባዶ እጅ ለመሄድ ግን ብስክሌቱ ይበቃል። ደብረ ማርቆስ ላለ ሰው ዳገቱ አለና በእግር ይሻላል። ከተያዘም ኮንትራት ሳይሆን ከሰው ጋር መጋራት ነው። ገበያ በር ላይ የምታስቆሙትም ሞተሩን ያጥፋ።

የአዲስ አበባ መንገድ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል 565 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር የምትሄድ የቤት መኪና ለዚህ መንገድ 56 ሊትር ያህል ትጠጣለች፣ ወደ 130 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ታወጣለች። ብቻውን የሚነዳ ሰው ሁሉንም ይሸከማል። አራት ከሆኑ ለአንዱ 32 ኪሎ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር ናፍታ የሚጠጣ 50 ሰው የሞላ አውቶቡስ ላይ ደግሞ ለአንድ ሰው 9 ኪሎ ብቻ ይደርሰዋል። መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ጊዜ በአውሮፕላን በሚሄድ ሰው ላይ ጣቴን አልቀስርም። ነፍስ ይቀድማል። ሰላም ሲሆን ግን አውቶቡሱን የሚስተካከል የለም።

ዓባይ በረሃ ላይ ሁለት ስህተት አያለሁ። አንደኛው፣ ከጎሃ ጽዮን ሲወረድ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ፍሪ አድርጎ መንዳት ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ፍሬን ብቻ ይዞ መውረድ የሞት መንገድ ነው። ደግሞም አይቆጥብም። የአሁኑ ዘመን መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ካልተረገጠ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ነዳጅ ራሱ ይዘጋል። ፍሪ ሲደረግ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣቱን ይቀጥላል። ሁለተኛው፣ ከጎጃም ሲመለሱ ከመንገድ ዳር ሦስትና አራት ጆንያ ከሰል ጣራ ላይ ጭኖ ያን ሁሉ ዳገት መውጣት ነው። መኪናው ይከብዳል፣ ነፋሱንም ይገፋል። «ረከሰ» ለተባለው ከሰል ተጨማሪ ዋጋ በነዳጅ ይከፈላል።

የኤሌክትሪክ መኪናውን በተመለከተ ብዙ አልልም። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከልክሏል፣ መብራታችንም ከውኃ ነው። መኪና መግዛት ግድ ለሆነበት ጥሩ ነው። ያለ መኪና የሚኖር ሰው ግን ከእሱም ይሻላል።

ችግኝ ተክሎ መርሳት

ሐምሌ ላይ ፎቶ ተነስተን ተክለን እንሄዳለን። የካቲት ላይ ግማሹን ፍየል በልቶታል፣ ግማሹን ፀሐይ። ዛፍ ካርቦን የሚስበው ሲያድግ ነው። አሥር ተክሎ ሦስት ከማትረፍ አራት ተክሎ አራቱንም አጥሮ፣ በመጀመሪያው በጋ ውኃ አጠጥቶ ማሳደግ ይበልጣል። ባህር ዛፍ ለማገዶና ለምሰሶ ይሁን፣ ግን ከምንጭና ከእርሻ ዳር ይራቅ። ዋንዛ፣ ብሳና፣ ወይራ፣ ጽድ የአገሩ ናቸው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የቀሩት አሉ፤ ዘራቸው ከዚያው ይገኛል።

እበቱን ሁሉ ኩበት ማድረግ

ኩበት ሲነድ ለማሳ መሆን የነበረበት ነገር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ቀጥሎ ገበሬው ማዳበሪያ በውድ ይገዛል። አራት ያህል ከብት ላለው ቤት ባዮጋዝ አለ። እበቱ በጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ ጋዝ ይሰጣል፣ ወጥ ያበስላል፣ አምፖል ያበራል። የሚወጣው ዝቃጭ ደግሞ ለጓሮው ጎመን ነው። አክስቴም ልታሠራ አስባ ነበር። ያስቆምኳት እኔ ነኝ። እበት ብቻ አይበቃም፣ በእበቱ ልክ ውኃ ይፈልጋል፤ በየቀኑ። እሷ ደግሞ ውኃ የምትቀዳው ግማሽ ሰዓት ሄዳ ነው። ተራው የጋዝ ምድጃም እንጀራ አይጋግርም፣ ምርጥ ምድጃው እንዳለ መቆየት ነበረበት። ስለዚህ መጀመሪያ የጣራዋን ውኃ የምትሰበስብበት በርሜል ገዛን። ጉድጓዱን የምንቆፍረው በርሜሉ በጋውን ስንት ወር እንደሚያደርሳት ካየን በኋላ ነው።